የማረጥ ዕድሜ፣ የመንፈስ ጤንነትና የአበባ ጠብታዎች

ለእናቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህ ትምህርት የምንነጋገርበት ጉዳይ በሰው ፊት ብዙ ጊዜ አይነሣም። ይኸውም ሴት ልጅ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋ የሚያጋጥማት የአካልና የመንፈስ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ በአማርኛ «ማረጥ»፣ በዕብራይስጥ ደግሞ «ጊል ሐማዓቫር»፣ ማለትም የመሸጋገሪያ ዕድሜ ይባላል።

በእስራኤል አገር ብዙ ሴቶች በዚህ ዕድሜ ላይ ሳሉ መንፈሳቸውን ለማረጋጋት በዕብራይስጥ «ፒርሔ ባኽ» የሚባሉትን የአበባ ጠብታዎች ይወስዳሉ። ጠብታዎቹ በፋርማሲና የተፈጥሮ ምርቶች በሚሸጡባቸው ሱቆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛሉ። በሐዴራ የምትኖር አዲስ ገቢ እናትም ከጎረቤቷ ወይም ከሥራ ባልደረባዋ «ይህን ውሰጂ፣ ለእኔ ረድቶኛል» የሚል ምክር ልትሰማ ትችላለች። ስለዚህ ጠብታዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደማይሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር ምን መደረግ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

በትምህርቱ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ማረጥ ምንድን ነው?

ማረጥ በሽታ አይደለም። እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች ሥራቸውን ቀስ በቀስ ሲያቆሙ፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ይቀንሳል፤ የወር አበባም ይቋረጣል። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። ይህ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ከ40 ዓመት በፊት ከተቋረጠ ግን ምክንያቱን ሐኪም ሊመረምረው ይገባል።

የወር አበባ ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ጥቂት ዓመታት የሚፈጅ የመለዋወጥ ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የወር አበባ ይዘገያል፣ ይፈጥናል፣ ይበዛል ወይም ያንሳል። ብዙ ሴቶች በዕብራይስጥ «ጋሌ ሖም» የሚባለው ድንገተኛ ሙቀት ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት ሲወጣ ይሰማቸዋል። ሌሊት ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ ይነሣቸዋል፣ መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፣ ነገር ይረሳሉ። በዚህ የመለዋወጥ ጊዜ እርግዝና ሊኖር ስለሚችል፣ ማርገዝ የማይፈልጉ ባልና ሚስት የወሊድ መከላከያን መቼ ማቆም እንደሚችሉ ሐኪም ይጠይቁ።

2. መንፈስ የሚታወከው ለምንድን ነው?

የሆርሞን መለዋወጥ ራሱ ስሜትን ይነካል። ከዚህም በላይ ሌሊቱን በላብና በእንቅልፍ ማጣት ያሳለፈች ሴት ቀን መቆጣትዋና ማልቀስዋ የሚያስገርም አይደለም። ቀድሞ የመንፈስ ጭንቀት የደረሰባት ሴት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ሕመሙ እንዳይመለስባት ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት።

ለአዲስ ገቢ እናት ሌላም ሸክም ይጨመራል። በኢትዮጵያ በመንደራችን ሳለን ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ መርገም ጎጆ ትሄድ ነበር። በዚያም ታላላቆችዋን አግኝታ የሴትን ነገር ትሰማለች፣ ትጠይቃለች። የወር አበባዋ ሲያበቃ መለየትዋም አብሮ ያበቃል። ዛሬ በሕንፃ ውስጥ የምትኖር እናት ግን ለውጡ ሲመጣባት የምትጠይቃት አክስት ወይም ታላቅ እኅት አጠገብዋ ላትኖር ትችላለች። ልጆችዋ ዕብራይስጥ ይናገራሉ፤ ዘመዶችዋ በሩቅ ናቸው፤ በአገር ቤት የቀሩም አሉ። የአካል ለውጥና የናፍቆት ሐዘን በአንድ ጊዜ ሲመጡ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

3. የአበባ ጠብታዎች ምንድን ናቸው?

ጠብታዎቹን ያዘጋጀው ከ1886 እስከ 1936 የኖረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኤድዋርድ ባኽ ነው። ይህ ሐኪም የበሽታ ሥር የመንፈስ መታወክ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህም በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ለልዩ ልዩ ስሜቶች ይሆናሉ ያላቸውን 38 ዝግጅቶች አወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አበባው በምንጭ ውሃ ላይ ተደርጎ ለጥቂት ሰዓታት በፀሐይ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይቀቀላል። ከዚያ አበባው ይወጣና ውሃው ከብራንዲ ጋር ይደባለቃል፤ እንደገናም በብዙ ይቀጥናል። በመጨረሻው ጠርሙስ ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና አልኮል ነው።

ምክር ሰጪዎች ጠብታውን የሚመርጡት በሴትዮዋ ስሜት ነው። ለምሳሌ ለሕይወት ለውጥ ዋልነት፣ ምክንያቱ ለማይታወቅ ሐዘን ሰናፍጭ፣ ለድካም ወይራ፣ ለደረሰ ድንጋጤ «የቤተልሔም ኮከብ» የተባለውን አበባ፣ ያለፈውን ዘመን ብቻ እያሰቡ ለሚናፍቁ ደግሞ በዕብራይስጥ «ያዓራ» የምትባለውን ሐረግ ይሰጣሉ። ብዙውን ጊዜ አራት ጠብታ በቀን አራት ጊዜ እንዲወሰድ ይመክራሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያሻል።

አንደኛ፣ ጠብታዎቹ እንደ ኮሶ አይደሉም። የኮሶ ዛፍ አበባ በአገራችን ለትል ሲጠጣ ኃይለኛ መድኃኒት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ሆድን ያጥባል፣ መጠኑ ከበዛም ሰውን ይጎዳል፣ ዓይንን እንኳ ሊያጠፋ ይችላል። በአበባ ጠብታ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ስማቸው የአበባ ጠብታ ስለሆነ የወር አበባን የሚመልሱ ሊመስሉ ይችላሉ። አይመልሱም፤ የሆርሞንን መጠንም አይለውጡም።

ሦስተኛ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚሸጡ ሌሎች ነገሮች አሉ። «ሂፔሪኩም» የተባለው ዕፅ ለሐዘን ይሸጣል፤ ነገር ግን ከመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት፣ ከወሊድ መከላከያ፣ ደምን ከሚያቀጥን መድኃኒትና ከሌሎችም ጋር ይጋጫል። ከዕፀዋት የሚወጡ የሽታ ዘይቶችም አይጠጡም። ስለዚህ ጠርሙሱን ለፋርማሲስቱ ሳያሳዩ አይውሰዱ።

4. ጠብታዎቹ ይረዳሉን?

አንድ መድኃኒት መርዳቱ የሚታወቀው በማነጻጸር ነው። ለአንዱ ወገን እውነተኛው ጠብታ፣ ለሌላው ወገን ደግሞ መልኩና ጣዕሙ ተመሳሳይ የሆነ፣ አበባ ያልነካው ጠብታ ይሰጣል። የትኛውን እንደወሰዱ ሰዎቹ አያውቁም። እንዲህ ያሉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ውጤቱም በ2010 ሲታተም፣ የአበባ ጠብታ አበባ ከሌለው ጠብታ የበለጠ ጥቅም እንዳለው አልታየም።

ይህ ማለት ግን «ረድቶኛል» የምትለዋ ጎረቤት ዋሽታለች ማለት አይደለም። ድንገተኛው ሙቀት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ይቀንሳልም። ከዚህም ሌላ ጠብታውን የሚሰጠው ምክር ሰጪ ብዙውን ጊዜ ሴትዮዋን ረዘም ላለ ጊዜ አስቀምጦ «ምን ይሰማሻል? እንቅልፍሽስ? ሐዘንሽ ከመቼ ጀመረ?» ብሎ ይጠይቃታል። ማንም ያልጠየቃት ሴት በመጠየቅዋ ብቻ ልብዋ ሊቀልላት ይችላል። ይህን ጥቅም አንንቀውም። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው ከመነጋገሩ ከሆነ፣ መነጋገርን ያለ ጠርሙሱም ማግኘት ይቻላል።

5. ጠብታውን መውሰድ የምትፈልግ ሴት ምን ልብ ትበል?

ጠብታው በራሱ ብዙም ጉዳት የለውም። ቢሆንም የሚከተሉትን ያስታውሱ፦

• ለሐኪምዎ የታዘዘልዎትን መድኃኒት በጠብታው አይተኩ። በተለይም የደም ግፊት፣ የስኳርና የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም።

• ጠብታው አልኮል አለበት። አልኮል የተከለከሉ ወይም ከመጠጥ የራቁ ሰዎች አልኮል የሌለበትን ይጠይቁ። ብራንዲ ከወይን ስለሚሠራ፣ ካሽሩት የሚጠብቁ የምስክር ምልክቱን ይመልከቱ።

• በእስራኤል የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ እየሠራ ነው። በሕጉ መሠረት ማንኛውም ነዋሪ ከኩፓት ሖሊም የሐኪም አገልግሎት ያገኛል። የአበባ ጠብታ ግን በመሠረታዊው አገልግሎት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በመድንዎ ሊያገኙ የሚገባዎትን ሕክምና አስቀድመው ይጠይቁ።

• «ይህ ጠብታ ካንሰርን፣ ስኳርን ወይም የደም ግፊትን ይፈውሳል» የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

6. አንድ ምሳሌ

በሐዴራ፣ በጊቭዓት ኦልጋ ሰፈር የምትኖር የ49 ዓመት እናት አለች እንበል። ሌሊት ሌሊት ልብስዋ እስኪረጥብ ድረስ ያልባታል። እንቅልፍ የላትም፣ ምግብም አያስደስታትም። ጎረቤትዋ «ጊል ሐማዓቫር ነው፣ ሁላችንን ያገኘን ነው» ብላ የአበባ ጠብታ ሰጠቻት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀለላት መሰላት። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ክብደትዋ ቀነሰ፤ ሳልም ያዛት። በመጨረሻ ወደ ኩፓት ሖሊም ስትሄድ ነርስዋ የሳልዋን ነገር ጠይቃ ለምርመራ ላከቻት። የተገኘባት የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደ ይድናል። ነገር ግን በጠፉት ወራት እርስዋም ደከመች፣ ቤተሰብዋም ለበሽታው ተጋለጠ።

ጠብታው ይህችን እናት አልመረዛትም። የጎዳት ጠብታው የምርመራን ቦታ መያዙ ነው። የሌሊት ላብ ከማረጥ ብቻ ሳይሆን ከሳንባ ነቀርሳ ወይም ከእንቅርት ዕጢ መታወክ ሊመጣ ይችላል። ድካም ከደም ማነስ፣ ከስኳር በሽታ ወይም ከመንፈስ ጭንቀትም ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰው ወደ አገር ከገባ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ፤ ጠብታ የምትፈልግ ከዚያ በኋላ ትውሰድ።

7. ለሐኪሙ እንዴት እንናገር?

በአማርኛ «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ልቤ ተሸበረ»፣ «ሆዴ ባር ባር ይላል» ስንል የመንፈስን ነገር መናገራችን ነው። ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ከተተረጎመ ግን ሐኪሙ የሆድና የልብ ሕመም ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። የልብ ምርመራ ተደርጎ «ጤነኛ ነሽ» ትባላለች፤ ሐዘኑ ግን ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ፦

• በስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ፣ በቀን ስንት ጊዜ ሙቀት እንደመጣብዎ፣ የወር አበባዎ መቼ እንደታየ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። መጻፍ የማይችሉ ነጥብ ማድረግ ይበቃቸዋል።

• «ሐዘን ይሰማኛል»፣ «ብዙ ጊዜ አለቅሳለሁ»፣ «ደስ ይለኝ የነበረው ነገር አያስደስተኝም» ብለው በግልጽ ይናገሩ።

• ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። እናት በወንድ ልጅዋ ፊት ስለ ደምዋና ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ልትናገር አትችልም፤ ልጁም ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ማዳረስ አለባቸው። «በአማርኛ ሜቱርጌማን እፈልጋለሁ» ይበሉ።

• ሴት ሐኪም ከፈለጉ «ሮፋት ናሺም» ብለው ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።

በሐዴራ ይህ ጉዳይ ታሪክ አለው። ለኢትዮጵያውያን ወገኖች የጤና ትምህርት በባህላቸውና በቋንቋቸው የሚሰጠው «ጤና ብሪኡት» በ1998 የተጀመረው በዚሁ ከተማ፣ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል ባለሙያዎች አነሣሽነት ነው። ስሙ የአማርኛውን «ጤና» ከዕብራይስጡ «ብሪኡት» ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ትኩረቱ የስኳር በሽታ ነበር። ሐኪምና ታካሚ ካልተግባቡ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚያ ሥራ እንማራለን።

8. የሚረዱ ሕክምናዎችና ልማዶች

ድንገተኛው ሙቀትና ላቡ ለሚበዛባት ሴት የሆርሞን ሕክምና ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያለው ነው። ለሁሉ ግን አይሰጥም፤ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የአንጎል ደም መቋረጥ ወይም የጉበት ሕመም የደረሰባት ሴት ለሐኪምዋ አስቀድማ መናገር አለባት። ሆርሞን መውሰድ ለማትችል ሴት ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ሐሳብንና ልማድን ቀስ በቀስ ለመለወጥ የሚደረግ የንግግር ሕክምናም ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለጭንቀትና በድንገተኛው ሙቀት ለሚመጣው ሥቃይ እንደሚረዳ በጥናት ታውቋል። የመንፈስ ጤንነት ሕክምና ከ2015 ጀምሮ በኩፓት ሖሊም ኃላፊነት ሥር ስለሆነ የቤተሰብ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በቤት ውስጥ የሚደረገውም ብዙ ነው። ቡና ለአንዳንድ ሴቶች ሙቀቱን ያስነሣል፣ እንቅልፍንም ይነሣል። ስለዚህ የቡናውን ሰዓት ወደ ጧት ያድርጉት፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ይተዉ። የቡናውን ስብሰባ ግን አይተዉት፤ ከጎረቤት ጋር መጫወት ለመንፈስ ጥሩ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ሙቀቱን የሚያስነሣባቸው ይቀንሱት። መኝታ ክፍል ቀዝቀዝ ያለ፣ ልብስም ሳሳ ያለ ከጥጥ የተሠራ ይሁን።

በአገራችን ውሃ ለመቅዳትና ለገበያ ረጅም መንገድ እንሄድ ነበር። አሁን ግን ብዙ ሰዓት በቤት ውስጥ እንቀመጣለን። ከማረጥ በኋላ አጥንት እየሳሳ ስለሚሄድ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ ይጠቅማል። በሐዴራ የባሕር ዛፍ ደን፣ በወንዙ ዳርና በጊቭዓት ኦልጋ ባሕር ዳርቻ ከጓደኛ ጋር መሄድ ይቻላል። ጥቁር ቆዳ ያለውና በልብስ ተሸፍኖ የሚውል ሰው የቪታሚን ዲ እጥረት ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ የደም ምርመራ እንደሚያስፈልግ ነርስዋን ይጠይቁ።

9. ለባልና ለልጆች

ሚስት ስትቆጣ ወይም ከመኝታ ስትርቅ ፍቅርዋ ቀንሷል ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሴት ብልት ስለሚደርቅ ግንኙነት ሊያምማት ይችላል፤ ለዚህም ቀላል ሕክምና አለ። ባል «ምን ልርዳሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆችም እናታቸውን አይሣቁባት፤ የቤቱን ሥራ ይካፈሉ።

10. ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• የወር አበባ ከቆመ ከዓመት በኋላ እንደገና ደም መታየት፣ ጥቂት እንኳ ቢሆን፤
• የሌሊት ላብ ከሳል፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር፤
• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘን፣ ምግብና እንቅልፍ ማጣት፤
• ብርቱ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፤ ወዲያውኑ ወደ 101፣ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደውሉ።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የመጣባት እናት አትደበቅ፤ አታፈርም። ወዲያውኑ ለሚቀርባት ሰው ትንገር። በ1201 ለመንፈስ የመጀመሪያ ርዳታ ይደወላል፤ አደጋው ቅርብ ከሆነ ወደ 101 ይደውሉ ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤተሰቡም ብቻዋን አይተዋት።

ለማስታወስ

ማረጥ የሴትነት ፍጻሜ አይደለም፤ የዕድሜ መሸጋገሪያ ነው። የአበባ ጠብታ የምትወድ ሴት ብትወስደው ብዙ አይጎዳትም፤ ነገር ግን ምርመራን፣ ሕክምናንና መነጋገርን አይተካም። ጠብታ የሚወስዱ መሆንዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አይቆጡዎትም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ከቆመ ከስንት ወር በኋላ ነው?
2. የሌሊት ላብ ከማረጥ ሌላ ከምን ከምን ሊመጣ ይችላል?
3. «ሆድ ይብሰኛል» የሚለውን ለሐኪም እንዴት አድርገን እንገልጸዋለን?
4. በምሳሌው ላይ ያለችው እናት ጎረቤትዋ ምን ብትላት ይሻል ነበር?